መኪናው ይረክሳል፣ መለዋወጫው አይረክስም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ እንደ እምነት የተያዘ አባባል አለ፤ «በእኛ አገር መኪና ዋጋው አይወርድም» ይባላል። ቶዮታ ቪትዝ ገዝቶ፣ ሦስት ዓመት ነድቶ፣ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው በየሰፈሩ ስለማይጠፋ የሚከራከር የለም። ጉዳቱ የሚመጣው ይኸው ሒሳብ ወደ ትልልቆቹ ሲዛወር ነው። «ቪትዝ እንዲህ ካተረፈ መርሰዲስማ ምን ይሆን!» ተብሎ ለቤት የተጠራቀመ ገንዘብ በአሮጌ ኤስ ክላስ፣ በቢኤምደብሊው 7 ወይም በሬንጅ ሮቨር ላይ ይውላል። ሁለቱ ዓይነት መኪኖች በአንድ መንገድ ይነዳሉ እንጂ በአንድ ገበያ አይሸጡም።

በቅድሚያ ብሩን ከመኪናው እንለየው። እንበልና አንድ ሰው ዶላር በባንክ 57 ብር ሳለ መኪና በ1,140,000 ብር ገዛ፤ ይህ 20,000 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዶላሩ 120 ብር ሲደርስ በ1,800,000 ብር ሸጠው። በብር 660,000 አትርፏል። በዶላር ሲታይ በእጁ ያለው 15,000 ነው፤ የመኪናው ሩብ ሄዷል። ያንኑ የ20,000 ዶላር መኪና በዚያው ተመን ልግዛ ቢል 600,000 ብር ይጎድለዋል። በዚያ ጊዜ ዋጋው የወረደው ብሩም መኪናውም ነው፤ ብሩ ይበልጥ ስለወረደ ግን የመኪናው አልታየም።

ትንንሾቹን ደግፎ የያዘ ሌላም ነገር አለ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 እስከ 1,300 ሲሲ ባለው አዲስ አውቶሞቢል ላይ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ ባለው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ በሆነው 100 በመቶ ጣለ። ሰባት ዓመት ያለፈው ያገለገለ መኪና ላይ ግን ከ400 በመቶ በላይ ጫነ። በዚያ ጊዜ የአሮጌ ቪትዝ በር ተዘጋ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ሌላ የማይጨመርባቸው፣ ፈላጊያቸው ግን ያልቀነሰ ዕቃ ሆኑ። ክልከላው መርሰዲሱንም ነክቶታል፤ ነገር ግን ዕቃ ሲጠፋ ዋጋው የሚወጣው ፈላጊ ሲኖረው ነው።

የቅንጦት መኪና ችግሩ ሁለተኛ ገዢ ነው። አዲሱን ኤስ ክላስ ለመግዛት አቅም ያለው የአሥር ዓመቱን አይፈልግም፤ የአሥር ዓመቱን የሚመኘው ደግሞ ለማስተዳደር አቅም የለውም። ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ የቅንጦት መኪና የሚወጣው ለሦስት ዓመት ገደማ በኪራይ ውል ነው። ውሉ ሲያልቅ ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ይመለሳል፤ ቢኤምደብሊውና መርሰዲስ እዚያ የሚሰጡት ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ስለሆነ፣ ቀጣዩ ባለቤት ዋስትናው ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረውን ነው የሚረከበው። ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ ወገኖቻችን የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ቢኤምደብሊው 7 ከአዲስ ኮሮላ ባነሰ ዋጋ ተለጥፎ የሚያዩት ለዚህ ነው። ሻጩ ደግ ሆኖ አይደለም። ገበያው ወደፊት የሚመጣውን የጥገና ወጪ ቀድሞ ከዋጋው ላይ ቀንሶታል።

መኪና ሲያረጅ የሚረክሰው መኪናው ብቻ ነው። ፋብሪካው የአየር ሱስፔንሽኑንና የፊት መብራቱን የሠራው ለ100,000 ዶላር መኪና ነው፤ መኪናው ዛሬ 15,000 ቢያወጣም ዕቃው በ100,000 ዶላሩ መኪና ልክ ይሸጣል። ቪትዝ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት የለም፤ ሲጀመር ርካሽ ነበር፣ ዕቃውም ርካሽ ነው፣ ሶማሌ ተራ ጠዋት የተገዛው ከሰዓት ይገጠማል።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2013 የተሠራውን ኤስ ክላስ እንውሰድ። በአብዛኞቹ ላይ በሞላ ፈንታ አራቱንም ማዕዘን የተሸከመው በአየር የተነፋ የጎማ ከረጢት ነው። ጎማው በፀሐይ፣ በአቧራና በዕድሜ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ሲጀምር ሌሊት ብቻ በዝግታ ያስተነፍሳል፤ ጠዋት አንዱ ጥግ ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ሲነሳ ግን ስለሚስተካከል ባለቤቱ ይተወዋል። በዚህ መሀል ለአጭር ጊዜ እንዲሠራ የታሰበው ኮምፕሬሰር የሚያመልጠውን አየር ለመተካት ሲደክም ይግላል፣ ይቃጠላል፣ አንዳንዴ ሪሌውንም (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያውን) ይዞ ይሄዳል። አንድ ከረጢት የነበረው ወጪ ከረጢት፣ ኮምፕሬሰርና ሪሌ ይሆናል። ኮምፕሬሰሩን ብቻ ቀይሮ ቀዳዳውን የተወ ጋራዥ ደግሞ አዲሱንም ያስቃጥላል። በተራ ሞላ መተካት ይቻላል፤ ያኔ የማስጠንቀቂያ ጽሑፉን በኮምፒውተር ካላጠፉት ከዳሽቦርዱ አይሄድም፣ መኪናውም በሚቀጥለው ገዢ ዘንድ ሌላ ዋጋ ያጣል።

የቢኤምደብሊው ቪ8 ሞተር፣ ኤን63 የሚባለው፣ ሁለቱን ቱርቦ በሲሊንደሮቹ መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ አስቀምጧል። ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ ግን መውጫ ስለሌለው ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ የሚይዙት የቫልቭ ጎሚኒዎች ይደርቃሉ፣ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። ጎሚኒው እንደ ቁራጭ ዕቃ ርካሽ ነው፤ ውድ የሚያደርገው እሱ ጋ ለመድረስ የሚፈታው ነገር ነው። የቅንጦት መኪና ወጪ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ዕቃው መቶ ብር ሆኖ መንገዱ ሺህ ይጠይቃል።

ተራው ጥገናም ይለያል። አንድ ሺህ ሲሲ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የተሠራው ቪትዝ ሦስት ካንዴላና 3 ሊትር ገደማ ዘይት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 2005 የተሠራው የቀድሞው ኤስ 500 ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስላለው 16 ካንዴላ ይበላል፤ ዘይቱም ወደ 8 ሊትር ነው። ጎማው የቪትዙ 165/70R14፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ኤስ ክላስ 255/45R18 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የተሠራው ሬንጅ ሮቨር ቦዲው በሙሉ አልሙኒየም ስለሆነ በተለመደው የላሜራ ብየዳ አይነካም፤ ስቱኮ ተለቅልቆ ቀለም የተቀባ አልሙኒየም ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ከሻርጃ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የመጣ ኮምፒውተርም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ በርካታ ሞጁሎች ከመጡበት መኪና የቻሲ ቁጥር ጋር የተቆለፉ ስለሆኑ ተገጥመው ሞተሩ ላይነሳ ይችላል።

እዚህ ላይ መቶኛ ያታልላል። ሁለቱም መኪኖች እኩል 40 በመቶ ቢወርዱ እንኳ፣ የ2 ሚሊዮኑ 800,000 ሲያጣ የ10 ሚሊዮኑ 4 ሚሊዮን ያጣል። ተጨማሪ ተከፍሎባቸው የገቡት የጣሪያ መስታወት፣ ማሳጅ ያለው ወንበርና ውድ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ሲሸጥ ከሞላ ጎደል ዋጋ የላቸውም፤ ሲበላሹ ግን አላቸው።

ላንድክሩዘር ይህን ሁሉ ሒሳብ ያፈርሳል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ «ቪ8» እየተባለ የሚጠራው ላንድክሩዘር ውድም ነው፣ ዋጋውንም ይይዛል። የሚይዘው ግን በቅንጦቱ አይደለም። መንግሥት፣ ድርጅትና ነጋዴ አንድ ላይ ይፈልጉታል፣ ከጎንደር እስከ ጅግጅጋ የሚፈታው መካኒክ አለ፣ ዕቃው አይጠፋም፤ በባሕርይው የተጋነነ ኮሮላ ነው። በተቃራኒው ርካሽ መሆን ብቻውን መድኅን አይሆንም። ሊፋን የተባለው መኪና የቻይና እናት ኩባንያ በ2012 ዓ.ም. በዕዳ ምክንያት በፍርድ ቤት ወደ መልሶ ማዋቀር ገብቶ ነበር፤ አምራቹ የተናጋበት መኪና ትንሽም ይሁን ርካሽ የመለዋወጫው ነገር ገዢን ያሰጋል። ዋጋን የሚይዘው የዕቃ መገኘት፣ የመካኒክ ብዛትና የፈላጊ ብዛት ነው።

ቪትዝንም ያለልክ ላለማሞገስ አንድ ነገር ልበል። ዋጋ መያዝና ደህንነት አይገናኙም። በዓለም ዙሪያ የጃፓኑ ኩባንያ ታካታ በሠራው ኤርባግ ምክንያት ለጥገና ከተጠሩት መካከል ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ አሉበት። የጋዝ ማመንጫው በዕድሜና በእርጥበት ተዳክሞ ሲፈነዳ ብረት ይረጫል። አገልግሎ የገባ መኪና ጥገናው ተሠርቶለት ይሁን ሳይሠራለት የሚታወቀው በቻሲ ቁጥሩ ሲጣራ ነው፤ ማጣራቱ ወጪ የለውም።

ይህን ሁሉ አውቆ የቅንጦት መኪና እገዛለሁ ለሚል፣ ምርመራው ከቪትዝ የተለየ ነው። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅ ሳይነገረው በጠዋት መሄድ ይሻላል። ኮፋኖው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከመነሳቱ በፊት በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት በአራቱም በኩል በጣት መለካት፤ አንዱ ከሌላው ሁለት ጣት ካነሰ ከረጢቱ ያስተነፍሳል ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከፊት በኩል የብረት መንቀጥቀጥ ከተሰማ ሰንሰለቱን ወይም ማወጠሪያውን መጠርጠር ይገባል። ከዚያ መኪናው ቆሞ ሞተሩ አሥር ደቂቃ እየሠራ ይቆይና ነዳጅ ይሰጠው፤ በዚያች ቅጽበት ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የቫልቭ ጎሚኒ አልቋል። በራዲያተሩና በማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ዙሪያ የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ምልክት የውሃ መፍሰስ ነው። በኮምፒውተር ሲነበብ የሞተሩ ብቻ አይበቃም፤ የካምቢዮው፣ የሱስፔንሽኑ፣ የኤርባጉና የፍሬኑ ሁሉ ይነበብ። ጠዋት የብልሽት ኮዶቹ ተጠርገው ሊሆን ስለሚችል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ እንደገና መነበብ አለበት። የካምቢዮ ዘይቱ «የዕድሜ ልክ ነው» ከተባለ አትመኑ፤ ለቢኤምደብሊውና ለሬንጅ ሮቨር ካምቢዮ የሚሠራው ዜድኤፍ ራሱ በ80,000 እና በ120,000 ኪሎ ሜትር መካከል እንዲቀየር ይመክራል።

ከዚያ በኋላ፣ ቀብድ ሳይሰጥ፣ የአንድ የአየር ከረጢት፣ የኮምፕሬሰር፣ የውሃ ፖምፓ፣ የአራት ጎማና የአንድ የፊት መብራት ዋጋ ይጠየቅ። የአምስቱ ድምር ከመኪናው ዋጋ አንድ አምስተኛ ካለፈ፣ እኔ ብሆን ደላላውን አመስግኜ እሄዳለሁ።

የመድን ዋስትናውም መረሳት የለበትም። የቪትዙ ዋጋ በብር እየወጣ ውሉ በድሮ ዋጋ ከቀረ ካሳው ይሸራረፋል። ገበያው 2 ሚሊዮን ሆኖ የተመዘገበው 1 ሚሊዮን ከሆነ፣ የ300,000 ብር ጉዳት ሲደርስ በተመጣጣኝ ሥሌት የሚከፈለው 150,000 ነው። የቅንጦቱ ባለቤት ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ በገዛበት ዋጋ አረቦን ሲከፍል ይኖራል፣ መኪናው ቢጠፋ ግን የሚካሰው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ነው። ሁለቱም ውላቸውን በየዓመቱ ቢያስተካክሉ ይሻላል።

አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ነገሩን ያከፉታል። በ2014 ዓ.ም. ከተጨማሪ እሴትና ከኤክሳይስ ታክስ ነፃ ሲደረጉ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ ቀርቶ ስለነበር እንደ ፎልክስቫገን አይዲ 6 ያሉ ትልልቆቹ በብዛት መጡ። አይዲ 6 በቻይና ብቻ፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። እዚያ ከ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ አምራቾች ዋጋ በመቀነስ ሲሽቀዳደሙ ስለቆዩ፣ ዛሬ የሚገባው አዲስ መኪና የትናንቱን ያገለገለ ዋጋ ይዞት ይወርዳል። በግል የመጣ መኪና የፋብሪካው የባትሪ ዋስትና እዚህ ይሠራለት እንደሆነ በጽሑፍ ያልጠየቀ ገዢ፣ ሲሸጥ ጥያቄው ይመጣበታል።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። በማስታወቂያ ገጻችሁ የሚወጣው የመኪና ሽያጭ «ንጹሕ፣ ሙሉ ኦፕሽን፣ ዋጋ በስምምነት» ብቻ ነው የሚለው። የሞተር ሲሲውን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የካምቢዮውን ዓይነትና ሱስፔንሽኑ ሞላ ይሁን አየር ለመጻፍ አንድ ተጨማሪ መስመር ይበቃል። መስመሩን በነፃ ብትሰጡ ሻጩ ለመሙላት ምክንያት ያጣል ብዬ አላምንም፤ ባዶ የተወውን ደግሞ አንባቢው ራሱ ይጠይቀው።

ከአክብሮት ጋር
የተሽከርካሪ ዋጋ ግምት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ