የኮምፒውተር ክበብ፦ ከብሮውዘሩ የወጣው ገጽ

የኮምፒውተር ክበብ አባላት ዘንድሮ በአብዛኛው የደከሙት በኤችቲኤምኤል (በድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) የሠሯቸውን ገጾች፣ በተለይ የኬሚስትሪ ኤለመንቶች መለማመጃውን፣ ታብም የአድራሻ ሳጥንም በሌለው በራሱ መስኮት ለማስከፈት ነው። ፋይሎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ስላሉ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

አቋራጩ መንገድ ክሮም ውስጥ አለ። የክሮም ሾርትከት ኮፒ ይደረግና ፕሮፐርቲስ ተከፍቶ «ታርጌት» የሚለው ሳጥን መጨረሻ ላይ፣ ከጥቅስ ምልክቱ ውጭ፣ አንድ ክፍት ቦታ ተትቶ ሁለት ሰረዝ፣ «አፕ»፣ የእኩል ምልክትና የገጹ ሙሉ አድራሻ ይጻፋል። አድራሻው የሚጀምረው በ«ፋይል»፣ ሁለት ነጥብና ሦስት ስላሽ ነው። የፎልደሩ ስም ክፍት ቦታ ካለው አድራሻው እዚያው ላይ ይቆረጣል፤ ፎልደሩን ክፍት ቦታ በሌለው ስም መሰየም ይሻላል።

ጣጣው የሚመጣው መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ገጹ ይታያል፣ ጥያቄዎቹ የሉም። ኤፍ 12 ተጭኖ ኮንሶሉ (ብሮውዘሩ የገጹን ስሕተቶች የሚጽፍበት ክፍል) ሲታይ ቀይ መስመር ይወጣል፦ በ«ፋይል» አድራሻ የተከፈተ ገጽ በፌች (ሌላ ፋይል በሚያስመጣው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ) ጥያቄዎቹ ያሉበትን የጄሶን ፋይል፣ ማለትም የመረጃ ፋይሉን፣ እንዲያነብ ክሮም አይፈቅድም። የጃቫስክሪፕት ሞጁሎችም (እርስ በርስ የሚጠራሩ የኮድ ፋይሎች) በዚሁ ይታገዳሉ። የፓይተንን ትንሽ ሰርቨር (ገጽ አቅራቢ ፕሮግራም) አስነስቶ ገጹን በሎካልሆስት፣ ማለትም በራሱ በኮምፒውተሩ አድራሻ፣ ፖርት 8000 መክፈት ይቻላል፤ ግን ሰርቨሩ ሁልጊዜ ቀድሞ መነሣት አለበት፣ ተጠቃሚ ደግሞ ይረሳዋል። የሚሻለው ጥያቄዎቹን ተራ የጃቫስክሪፕት ፋይል ውስጥ በቫሪያብል አስቀምጦ በስክሪፕት ታግ መጥራት ነው። ሥዕሎች ሲጠፉም አድራሻቸው በስላሽ ጀምሮ እንደሆነ ይታይ፤ በሰርቨር ሲከፈት ስላሹ የሰርቨሩን ፎልደር ያመለክታል፣ በ«ፋይል» ሲከፈት ግን የዲስኩን ሥር።

ኤሌክትሮንም፣ ማለትም የድረ ገጽ ኮድን ራሱን የቻለ ፕሮግራም የሚያደርገው መሣሪያ፣ ተሞክሯል። የፓኬጅ ጄሶን ፋይል፣ «ሜይን» የሚባል የጃቫስክሪፕት ፋይልና ገጹ ይበቁታል፤ «ሜይን» ውስጥ ብሮውዘርዊንዶው (የፕሮግራሙ መስኮት) በ1000 በ700 ፒክሰል ይፈጠርና ገጹ በሎድፋይል ትእዛዝ ይጠራል። ችግሩ ክብደቱ ነው፦ ክሮሚየምንና (የክሮም መሠረት የሆነውን ብሮውዘር) ኖድን (ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያሠራውን ፕሮግራም) ተሸክሞ ስለሚሄድ የጥቂት ኪሎባይት ገጽ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። ለመለማመጃ ገጽ ይህ ትርፍ ጭነት ነው። ከቆዩ ማስተማሪያዎች ኮድ የሚቀዱ አባላት ኖድኢንቴግሬሽንን (ገጹ ኖድን እንዲጠቀም የሚፈቅደውን ቅንብር) አብርተው ያመጣሉ፤ ከኤሌክትሮን 5 ጀምሮ ሳይነኩት የጠፋ ነው፣ እንደጠፋ ይቆይ።

መለማመጃው አሁን የሚሠራው በክሮም ሾርትከት ነው። ሾርትከቱ ሙሉ አድራሻ ስለያዘ ፎልደሩን ያንቀሳቀሰ ሰው «ታርጌት»ንም ማስተካከል አለበት።