የልጅ ልጄ ሕመም የምራቴ ጥፋት አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

የልጆችን የመገጣጠሚያ ብግነት በጤና ዓምዳችሁ «በዘር ይተላለፋል» ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። ያቺ መስመር እኛ ቤት ያስነሳችውን ጠብ ብታዩ! የልጅ ልጄ ጉልበቷ አብጦ ጠዋት ጠዋት ታነክሳለች። የባለቤቴ እህቶች መጀመሪያ «ብርድ ነው» ብለው ወጌሻ ጠሩላት፤ አሁን ደግሞ «በእኛ ዘር የለም» እያሉ ምራቴን ያሸማቅቋታል።

ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና ዝም ማለት አልቻልሁም። ይህን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጂን ብቻውን አያመጣውም። ብዙ ጂኖች ከእናትም ከአባትም መጥተው ጥቂት ጥቂት ተጋላጭነት ይጨምራሉ። ጎልተው የሚታወቁት በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያሉት፣ ኤችኤልኤ የሚባሉት ናቸው፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን ከባዕድ የሚለየው በእነርሱ ነው። ኤችኤልኤ ቢ27 ለምሳሌ ጅማት ከአጥንት የሚያያዝበትን ቦታ ከሚያጠቃው ዓይነት ጋር ይያያዛል፤ ይህንኑ ይዘው በጤና የሚኖሩት ግን ይበዛሉ። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ደኅና ሊሆን ይችላል። ታዲያ ምራቴ በምን ትከሰሳለች?

በሚቀጥለው ስለ ዓይን ጻፉልን። ሕመሙ ዓይን ሳይቀላና ሳያም ውስጡን ሊጎዳ ስለሚችል፣ እነዚህ ልጆች በየጊዜው በዓይን ሐኪም መታየት አለባቸው። ይህን ለምራቴ የነገራት አልነበረም።

ጡረተኛ መምህርት፣ ከደሴ