ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ለሚገዛ ወንድሜ

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህ ደኅና ናቸው? የእማማ ጉልበትስ ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን።

ከተጻጻፍን እጅግ ብዙ ጊዜ ሆነን። በመካከላችን የነበረው ዝምታ ቅያሜ እንደሌለበት አንተም ታውቀዋለህ፤ አንተ ባቱ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲምህን ስትከታተል፣ እኔም ከሱሉልታ ወጣ ብለው ካሉት መንደሮች ወተት እየሰበሰብኩ ወደ አዲስ አበባ ሳመላልስ ዓመታቱ አለፉ። ባለፈው ሰሞን የአክስትህ ልጅ ሊጠይቀን መጥቶ፣ ምርትህን ራስህ ገበያ ለማድረስ ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ እየፈለግክ መሆንህን፣ ደላሎቹም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መኪና እያወደሱ ግራ እንዳጋቡህ ሲያጫውተኝ፣ ሌላውን ሥራ ትቼ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ጉዳዩ የዓመታት ላብህ የሚፈስበት ስለሆነ በስልክ በሁለት ቃል ልጨርሰው አልፈለግሁም።

አስቀድሜ የምመዝንበትን ሚዛን ልንገርህ። በገጠር መንገድ ላይ አስተማማኝ የምለው ሞተር ሲደክም በጭሱ፣ በድምፁ፣ በማስነሻው መክበድ አስቀድሞ የሚናገረውን፣ ከተበላሸም በቅርብ ከተማ ባለ መካኒክ እጅ፣ ኮምፒዩተር ሳይታሰርበት ሊጠገን የሚችለውን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ ከውጭ አሮጌ መኪና ማስገባት አዋጭ አልሆነም፤ ስለዚህ የሚቀርብልህ እዚሁ አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ይሆናል። የተሠራበት ዘመን ከሚነግርህ ይልቅ በላዩ ላይ ያለው ሞተር ዓይነትና አያያዙ ብዙ ይነግርሃል።

ለአንተ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ሞተሩም ቱርቦ (ተጨማሪ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 3ኤል ወይም 5ኤል። ሁለቱም ከ2ኤል ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ 2ኤል 2446፣ 3ኤል 2779፣ 5ኤል ደግሞ 2986 ሲሲ ይይዛሉ። ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል መቀጣጠል ይጀምራል፤ ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓም ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው። ጉልበታቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዳገት ላይ ከኋላህ ያለው ሹፌር ጡሩንባ ሊያሰማህ ይችላል። ነገር ግን ሙቀታቸው መጠነኛ ስለሆነ ቴስታታቸው በቀላሉ አይጎዳም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እነዚሁ ሞተሮች ለረጅም ዘመን ሰማያዊና ነጭ ቀለም በተቀቡት ሃይኤስ ሚኒባሶች ላይ ሲሠሩ ስለኖሩ፣ ፒስተን፣ ጓርኒሲዮንም (የቴስታታው ማሸጊያ) ሆነ የውሃ ፖምፓ ሶማሌ ተራ ወርደህ በየዓይነቱ ታገኛለህ፤ የማያውቃቸው መካኒክም የለም። በእኔ ግምት የእነዚህ ሞተሮች አስተማማኝነት ግማሹ የተገነባው በፋብሪካው፣ ግማሹ ደግሞ በእኛው ጋራዦች ነው።

እዚህ ላይ ከፍታን በጥብቅ እንድታስብበት እፈልጋለሁ፤ ደላላ ፈጽሞ የማያነሳው ነገር ነውና። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ 2355 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እኛ ሱሉልታ ያለነው ደግሞ ከዚያም በላይ ነን። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር በዚሁ ልክ ይቀንስበታል፤ አብዛኞቹ አሮጌ ፖምፓዎች ግን የአየሩን መሳሳት ሳያውቁ የለመዱትን ናፍጣ ይልካሉ። የተረፈው ናፍጣ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ወጪህም ይጨምራል። ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ ጭነት ይዘህ ስትወጣ ጥቁር ጭስ ካየህ ሞተሩ አልቋል ብለህ አትደንግጥ፤ ፖምፓ የሚያስተካክል ባለሙያ መጠኑን በጥቂቱ እንዲቀንስልህ አድርግ። በተቃራኒው ደግሞ፣ የደከመ ሞተር በቆላው ያለችግር ሲነሳ ከርሞ ደጋ ላይ ብርድ በበዛበት ማለዳ አልነሳ ይላል፤ አየሩ ሲሳሳ ፒስተኑ የሚጨምቀውም ያንሳልና ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ሙቀት ይጎድላል። ስለዚህ የምትገዛውን መኪና ባቱ ላይ በቀን ሙቀት አስነስተህ አትመን። እዚህ አምጥተው፣ እኔ ቤት ይደር፣ ማለዳ አብረን እናስነሳዋለን።

የውሃውም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ደረጃ ከፍ ስለሚያደርግ፣ የላላ ክዳን በእኛ አገር የሚያስከትለው ጉዳት በቆላ ከሚያስከትለው ይከፋል። ሞተሩ ሞቀ ሲባል የውሃውን ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም በየጋራዡ የተለመደ ሆኗል፤ ይህን የሚያደርግ መካኒክ ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ማለዳ በቶሎ አይሞቅም፣ ናፍጣ ያባክናል፣ ሲሊንደሩም ያለጊዜው ይበላል፤ የመጋሉ ትክክለኛ ምክንያትም፣ የተደፈነው ራዲያተር ወይም የደከመው የውሃ ፖምፓ፣ ሳይነካ እዚያው ይቀራል።

አሁን እንድትጠነቀቅባቸው የምፈልጋቸውን ልንገርህ። ቱርቦ ያለው 2ኤል ቲ ጉልበቱ ቢማርክህም ቴስታታው በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ባለ 2982 ሲሲ 1ኬዜድ እጅግ ደስ የሚል ጉልበት አለው፤ ነገር ግን የአሉሚኒየም ቴስታታው አንድ ጊዜ በደንብ ከጋለ የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ሻጩ ስለ ራዲያተሩ ታሪክ አጥርቶ ካልነገረህ ተወው። ሚትሱቢሺ ኤል 200 ላይ ያለው 4ዲ56 ደግሞ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አጣጥሞ ከሚያንቀሳቅሰው ዋና ታይሚንግ ቤልት ሌላ ንዝረትን የሚቀንሱ ዘንጎችን የሚያዞር ሁለተኛ ቀጭን ቤልት አለው፤ ያች ቀጭን ቤልት ስትበጠስ ዋናው ውስጥ ገብታ እርሱንም ታበላሸዋለች፣ ከዚያም ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። ሁለቱም ቤልቶች አንድ ላይ መቀየራቸውን በዓይንህ ካላየህ እንደተቀየሩ አትቁጠር።

በቤልት ጉዳይ የምወዳቸው 3ኤልና 5ኤልም ነቀፋ አያጡም፤ እነርሱም በታይሚንግ ቤልት ነው የሚሠሩት፣ በየ100000 ኪሎ ሜትሩም መቀየር አለበት። ዳሽቦርዱ ላይ ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት አላቸው፣ ነገር ግን ቤልቱን ሳይቀይሩ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል፤ ስለዚህ የመብራቱ መጥፋት ማስረጃ አይሆንልህም። ከዚህ ስጋት ፈጽሞ መገላገል ከፈለግህ የኒሳን ፒክአፕ ባለ 2663 ሲሲ ቲዲ27 አለ፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት በጥርስ (በተያያዙ ማርሾች) ነው የሚዞረው፣ የሚበጠስ ቤልት የለውም። ጭቃ ውስጥ ዝግ ብሎ የሚጎትት፣ ጨዋ ሞተር ነው፤ የሚያሳዝነኝ መለዋወጫው እንደ ቶዮታ በየደጁ አለመገኘቱ ነው። የአይሱዙ 4ጄኤ1ም ጥሩ ነው፤ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ስለሚረጭ ይቆጥባል፣ በብርድም ከሌሎቹ ቀድሞ ይነሳል፣ ድምፁ ግን ሻካራ ነው። በጥርስ የሚሠራም በቤልት የሚሠራም ስላለ የቀረበልህ የትኛው እንደሆነ አስከፍተህ እይ። መንገዱን የሞሉት የአይሱዙ የጭነት መኪኖች ሞተራቸው ሌላ ስለሆነ ዕቃው ይገኛል በሚል ተስፋ ብቻ አትግዛው።

ገንዘቡ ቢኖርህ ኖሮ የላንድክሩዘሩን ፒክአፕ ከ1ኤችዜድ ሞተሩ ጋር ግዛ እልህ ነበር። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4164 ሲሲ፣ ቱርቦም ኮምፒዩተርም የሌለው ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በክረምት መንገድ በሚጠፋባቸው ቦታዎች የእርዳታ ሠራተኞች የሚተማመኑበት ሞተር ሆኖ ኖሯል። ከእንጦጦ ጀርባ ባለው የዋልካ ጭቃ ሌሎች ቆመው ሲቀሩ እርሱ በአንደኛ ማርሽ ተረጋግቶ ሲያልፍ ማየት ያረካል። ሆኖም ናፍጣ ይጠጣል፤ በአንተ የጭነት መጠንም ትርፍህን ይበላዋል። ብትገዛው እንኳ ቱርቦ ግጠምበት የሚልህን አትስማ፤ ቴስታታው ለዚያ ሙቀት አልተሠራም።

አዳዲሶቹን፣ ዲ4ዲ የምንላቸውን በኮምፒዩተር የሚታዘዙ የቶዮታ ሞተሮች፣ አላጣጥላቸውም፤ ፈጣንና ቆጣቢ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ናፍጣው ላይ ነው። የአሮጌዎቹ ኖዝል በ150 ባር አካባቢ ሲከፈት፣ የዲ4ዲ ኢንጀክተር ግን ከ1000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይሠራል፤ ክፍተቶቹም እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ትንሽ ውሃ ወይም ደቃቅ አቧራ ይገድላቸዋል። ከበርሜል እየተቀዳ፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዝ እየተቀላቀለበት በሚሸጥ ናፍጣ መሥራት ግድ ለሚሆንበት ሰው ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ከኢንጀክተሮቹ ሥር ያለችው የመዳብ ዋሸር ማፍሰስ ከጀመረችም ጥቀርሻው ወደ ዘይቱ ይወርድና የዘይት መሳቢያውን ይደፍናል፤ ሞተሩም ዘይት አጥቶ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። በአሮጌዎቹም ቢሆን ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ራሱ ስለሆነ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ያደርቀዋል፤ ግን ቀስ በቀስ፣ እያስጠነቀቀ።

ስትመርጥ እንዲህ አድርግ። ሞተሩ በርዶ ሳለ ሂድ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ሲነሳ የዘይቱን ክዳን ክፈት፤ ጭስ በኃይል እየገፋ ከወጣ ፒስተንና ሲሊንደሩ ተበልተዋል። ራዲያተሩን ክፍት አድርገህ አስነሳው፤ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ተጎድቷል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል፤ ማለዳ የሚታይ ነጭ ጭስ ግን ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ብዙ አያስፈራም። ከሁሉም በፊት የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ፤ ብዙ መኪኖች ሞተር ተቀይሮባቸዋልና የማይገጥም ከሆነ ስም ሲዛወር ችግሩ በአንተ ላይ ይወድቃል።

ያየኸውን መኪና ሁሉ የሞተሩን ቁጥርና የቴስታታውን ፎቶ ላክልኝ፤ እዚህ የማምነው አንድ አንጋፋ መካኒክ አለ፣ አብረን እናየዋለን። ቀብድ ግን ከዚያ በፊት አትክፈል። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቹንም ሳምልኝ።

የዘወትር ወንድምህ