ስንዴው ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ይጻፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ካናዳ ስንዴ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ያወራችሁት ስለ ማሽንና ስለ ገበያ ብቻ ነው። አንገስ ማኬይን የሚያህል የመንግሥት ሠራተኛ እንዴት ይዘለላል?

ማኬይ ሳስካችዋን በምትባለው የካናዳ ግዛት ውስጥ ኢንዲያን ሄድ በምትባል ቦታ ገበሬ ነበሩ። በ1885 (እንደ ፈረንጆቹ) አመፅ ተነስቶ የገበሬው ፈረስ ለመንግሥት ጦር ስንቅ ማመላለሻ ሲወሰድ፣ ማሳቸው ሳይዘራ ጦሙን አደረ። በዓመቱ ዝናብ ጠፋ፤ የሌላው ሰብል ሲመታ ጦም ባደረው መሬት ላይ የተዘራው ስንዴ ግን ጥሩ ያዘ። ለካ አፈሩ ያለፈውን ዓመት እርጥበት ይዞ ቆይቷል!

ከዚያ መንግሥት እዚያው የከፈተውን የምርምር እርሻ ሰጣቸው። እስከ 1913 መሩት። ዘር ሞከሩ፣ በዚያ ራቁት ሜዳ ላይ ንፋስ የሚከላከል ዛፍ ተከሉ፣ ያዩትንም ለገበሬው አስተማሩ። የመንግሥት የዘር ተመራማሪ የነበሩት ቻርልስ ሳውንደርስ ኦታዋ ላይ የመረጡት ማርኪስ የተባለው ስንዴም በ1907 የተሞከረው እዚሁ ነው። ቶሎ ስለሚደርስ ከውርጭ ያመልጥ ነበር።

እርግጥ ጦም ማሳደሩ በኋላ መዘዝ አመጣ። አረም ለማጥፋት ተደጋግሞ የታረሰውን ባዶ አፈር በ1930ዎቹ ድርቅ ንፋስ ጠርጎ ወሰደው። በዚህ እሳቸውን አልወቅስም። አፈሩን ለማዳን በ1935 ደፋ ቀና ማለት የጀመሩትም ሌሎች የመንግሥት የእርሻ ባለሙያዎች ናቸው። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ስለነሱም ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከካልጋሪ