የእኛስ እርሾ መቼ ነው የሚጠናው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰበታ ውስጥ ዳቦ እጋግራለሁ። የምጠቀመው ከውጭ የሚመጣውን ደረቅ እርሾ ነው። ዶላር በጨመረ ቁጥር ዋጋው አይቀመስም። ጎረቤቴ ግን ጠጅ ስትጥል የምትገዛው እርሾ የለም። ማሩ፣ ውሃውና ጌሾው ገብቶ ጋኑ በራሱ ጊዜ ይፈላል። ያንን ጠጅ በዋናነት የሚያፈላው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ነው፤ የእኔን ሊጥ ኩፍ የሚያደርገው ዝርያ ማለት ነው!

ተመራማሪዎች የዚህን እርሾ ሙሉ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1996 አንብበው ይፋ አድርገዋል። ወደ 6,000 ጂኖች አሉት፤ ጂን ማለት ሴሉ ምን እንደሚሠራ የሚነግር የዘር መመሪያ ነው። በእርሾ የተሠራ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። የቫይረሱን አንድ ጂን እርሾው ውስጥ ይከታሉ፤ እርሾው የቫይረሱን ፕሮቲን ያመርታል። የስኳር ሕመምተኞች ከሚወጉት ኢንሱሊን ከፊሉም እንዲሁ ነው የሚመረተው።

ታዲያ ከየጠጅ ቤቱ ናሙና ተወስዶ ጂኑ ለምን አይነበብም? ማር ውስጥ የኖረ እርሾ ስኳር የበዛበት ሊጥ የሚከብደው አይመስለኝም። የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከሉ ሆለታ ነው፤ ከእኛ ሩቅ አይደለም። እባካችሁ ተመራማሪዎቹን ጠይቃችሁ መልሳቸውን አውጡልን።

ዳቦ ጋጋሪው፣ ከሰበታ