አንጀቴ ውስጥ አየር ተገኘ

ወዳጄ፣ እንደምን ከረምክ?

መጥፋቴን አውቃለሁ። ስድቡን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ፤ ዛሬ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት።

አንጀቴ ውስጥ አየር ተገኘ። በል ሳቅ! «አንተ እኮ ባዶ አየር ነህ» ትለኝ አልነበር? ይኸው በሲቲ ስካን ተረጋገጠልህ። ግን ሰው ሁሉ ያለው ጋዝ አይደለም። የእኔ ግድግዳው ውስጥ ነው የገባው። ጋዝ የሞላቸው ትንንሽ ከረጢቶች ሠርቷል። ሐኪሙ «ኒውማቶሲስ» ይሉታል።

ሆዴን ሲነፋኝ፣ ተቅማጥም ሲያጣድፈኝ ነው የታየሁት። መጀመሪያ ኮሎኖስኮፒ ተደረገልኝ፤ ካሜራ ያለው ቱቦ ከታች አስገብተው አንጀትን የሚያዩበት ነው (ስለሱ አታስወራኝ)። ከውስጥ ሲታይ ፖሊፕ፣ ማለትም የአንጀት ሽፋን ላይ የሚበቅል እብጠት፣ ይመስላል። ዕጢ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ነገሩን የለየው ሲቲው ነው፤ ጋዙ ግድግዳው ውስጥ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

ከየት መጣ? አንድ መልስ የለውም። 85 በመቶ ያህሉ ሌላ ችግርን ተከትሎ የሚመጣ ነው ይባላል። አንጀት ውስጥ ግፊት ሲበዛ ጋዙ በተጎዳ ሽፋን ሾልኮ ይገባል። ጋዝ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም ይጠረጠራሉ። እኔን የገረመኝ ግን የሳንባው ነው። ሳንባ ውስጥ የአየር ከረጢት ሲፈነዳ፣ አየሩ የደም ሥር ዳር ዳሩን ይዞ አንጀት ድረስ ይወርዳል የሚሉ አሉ። አስሜን ታውቀዋለህ። ለሱ የምወስደው ስቴሮይድም የአንጀትን ግድግዳ ያሳሳል። ሁለቱም አሉልኝ!

የሚያስፈራው ምን መሰለህ? ያው ጋዝ ምንም በማይሰማው ሰው ላይም ይታያል፣ አንጀቱ ደም አጥቶ እየሞተ ባለ ሰው ላይም ይታያል። ሁለተኛው የሰዓታት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሆዴን ደጋግመው ተጫኑት። ደሜ ውስጥ ላክቴት ለኩ፤ አንጀት ደም ሲያጣ የሚጨምር ነገር ነው። ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ሥር ጋዝ እንዳለ ፈለጉ። ሁሉም ደህና ነው። «እንከታተለው» አሉ፤ ካልተሻለኝ ኦክስጅንና ሜትሮኒዳዞል የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይሞከራል።

ቤት «ጋዝ ብቻ ነው» ብያለሁ። ውሸት አይደለም መቼም። ላንተ ግን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ።

እና… እንዴት ልበልህ… ሰው ጠፍቶ ከርሞ ለጉዳይ ሲመጣ ደስ አይልም። ግን ሲቲውን ስደግም አብረኸኝ ብትሄድ? ሐኪም ፊት ስቀመጥ ጆሮዬ ይደፈናል። ስቴሮይዱ ይቀነስልኝ እንደሆን፣ ቢቀነስስ አስሜ እንዴት እንደሚሆን አንተ ትጠይቅልኛለህ። ሆዴ ድንገት ድንጋይ ሆኖ ትኩሳት ከጀመረኝ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን እደውልልሃለሁ።

ስልክህ ግን ያው የድሮው ነው?