የቀበሌ ማህተም ካናዳ ፍርድ ቤት ገብቶ አይመሰክርም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ካናዳ የሚኖሩ ዘመዶቻቸው የፍርድ ቤት ክርክር ለገጠማቸው አንባብያን በቅርቡ የሰጣችሁት ምክር በአጭሩ «ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ፣ ማህተም አስመቱ፣ አስተርጉማችሁ ላኩ» የሚል ነው። ይህ ምክር ለአንድ ዓይነት ጉዳይ ይጠቅማል። ለሌላው ግን ገንዘብ ያስወጣል፣ ቀጠሮ ያሳልፋል፣ አልፎ አልፎም ዘመድን ይጎዳል። እዚህ ሀዋሳ ብዙ ሰው በዚሁ ልማድ ስለሚሄድ እርማቱ ለአንባብያን ቢደርስ መልካም ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም። ብዙ ቤተሰብ ከካናዳ የዳኝነት አካል ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቀው በጥገኝነት ጥያቄ ነው። የኢሚግሬሽንና ስደተኞች ቦርድ የስደተኞች ጥበቃ ክፍል ደግሞ በማቋቋሚያ ሕጉ ከጥብቅ የማስረጃ ደንቦች ነጻ ተደርጓል፤ ተአማኒ ሆኖ ያገኘውን ማስረጃ ተቀብሎ ሊመዝን ይችላል። የዕድር ደብዳቤ፣ የደብር ደብዳቤ፣ የጎረቤት ደብዳቤ ጉዳዩ ከመሰማቱ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ከገባ ይታያል። እዚያ የሠራለት ሰው ከዓመታት በኋላ የፍቺ፣ የውርስ ወይም የብድር ክርክር ሲመጣበት ያንኑ ወረቀት ያስልካል። መደበኛው ፍርድ ቤት ግን በሌላ ሕግ ነው የሚሠራው።

የወንጀል ጉዳይ የሚመራው በፌዴራሉ የካናዳ የማስረጃ ሕግ (መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው)፣ በወንጀል ሕጉና ፍርድ ቤቶች ባዳበሩት ደንብ ነው። የፍትሐ ብሔሩ በአመዛኙ የየግዛቱ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሰው የኦንታሪዮን ነው፤ አልበርታም ሆነ ማኒቶባ የየራሳቸው አላቸውና ጉዳዩ የት እንደተከፈተ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። የቀበሌው ሊቀመንበር «አቶ እገሌ በ3 ምስክሮች እንደተረጋገጠው የወይዘሮ እገሊት ሕጋዊ ባል ናቸው» ብሎ ሲጽፍ ሊቀመንበሩ ያየው ነገር የለም፤ የነገሩትን ነው የሚያስተላልፈው። ሦስቱ ምስክሮችም ዳኛው ፊት የሉም። ይህ የስሚ ስሚ ነው፤ ያውም ድርብ። በካናዳ ደንብ የስሚ ስሚ ለተባለው ነገር እውነትነት ሲቀርብ መነሻው ውድቅ መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም ተናጋሪው አልማለም፣ ዳኛው አላየውም፣ ተቃራኒው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ አላቀረበለትም። ማህተሙ ከሦስቱ አንዱንም አይተካም። በእኛው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የሚደረግ ማረጋገጥም ቢሆን ፈራሚው ማን እንደሆነ፣ ፊርማውም የእሱ መሆኑን ነው በዋናነት የሚያሳየው። ውስጡ ያለው ታሪክ እውነት ነው ብሎ ማንም አልማለለትም።

ልዩ ሁኔታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ካን በተባለው መዝገብ ከሰጠው ውሳኔ ጀምሮ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስሚ ስሚን በሁለት መስፈርት ሊያስገባ ይችላል፤ አስፈላጊነትና አስተማማኝነት። እ.ኤ.አ. በ2006 በኬላዎን፣ በ2017 በብራድሾው መዝገብ ላይ አስተማማኝነቱ እንዴት እንደሚለካ አጥብቆታል። ምስክሩ ሞቶ ወይም አእምሮው ታውኮ ከሆነ መከራከሪያ ይኖራል። «ምስክሩ ሀዋሳ ነው፣ ሩቅ ነው» የሚለው ግን በቪዲዮ መመስከር በሚቻልበት ዘመን ብቻውን ያሳምናል ብሎ መተማመን አይገባም። ንግድ ቤቶች በመደበኛ ሥራቸው የሚይዙት መዝገብም በወንጀል ጉዳይ በካናዳ የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 30 ሊገባ ይችላል፤ ቢያንስ የ7 ቀን ማስታወቂያ ለተቃራኒው ወገን መስጠት ግን ግድ ነው።

የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት ከድጋፍ ደብዳቤ ጋር አንድ አይደለም። የመንግሥት መዝገብ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ የተሻለ መንገድ አለው። ችግሩ ዘግይቶ የተመዘገበው ላይ ነው፤ የ1985 ዓ.ም. ጋብቻ ክርክር ከተነሳ በኋላ ተመዝግቦ ሲቀርብ ጠያቂው ጠበቃ የሚያነሳው የመጀመሪያ ነገር የምዝገባው ቀን ነው። ሌላው ደግሞ የሀዋሳ ጣጣ ነው። የድሮው ወረቀት የደቡብ ክልልን፣ የአሁኑ የሲዳማ ክልልን ማህተም ይይዛል። የክልሉን ታሪክ የማያውቅ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ አንዱ የተጭበረበረ ሊመስለው ይችላል። በቃለ መሐላው ውስጥ ሁለት መስመር ማብራሪያ ይበቃል።

ታዲያ በደብዳቤው ምትክ ምን ይላክ? በአብዛኛው ቃለ መሐላ ነው። የኦንታሪዮ የሥነ ሥርዓት ደንብ 4.06 እንደሚለው ቃለ መሐላ ምስክሩ ራሱ በሚያውቀው ላይ የተወሰነ መሆን አለበት። በአንደኛ ሰው፣ በተራ ቁጥር በተከፋፈሉ አንቀጾች ይጻፋል። ሰው የነገረውን መጨመር የሚቻለው ደንቡ በፈቀደበት ቦታ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በጊዜያዊ አቤቱታ ላይ የነገረው ማን እንደሆነና ምስክሩ እንደሚያምነው ተጠቅሶ። ተያያዥ ሰነድ ሁሉ ምልክት ይደረግበታል። ስርዝ ድልዝ ካለ መሐላውን ያስፈጸመው ሰው በአጭር ፊርማው ያረጋግጠዋል። መሐላውን ከኦንታሪዮ ውጭ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሹም፣ ኖተሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ወይም የካናዳ ቆንስላ ሠራተኛ ፊት መፈጸም ይቻላል፤ የትኛው እንደሚሻል እዚያ ያለው ጠበቃ ሳይናገር ወደ አዲስ አበባ መኪና መያዝ አያስፈልግም።

ቋንቋው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። እንግሊዝኛ የማያነብ እናት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ከፈረሙ፣ ቃሉ በፊታቸው በማለ አስተርጓሚ እንደተተረጎመላቸው መሐላ አስፈጻሚው በጽሑፉ መዝጊያ ላይ ማረጋገጥ አለበት። ያ መስመር ከሌለ «የፈረሙትን ያውቁታል?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሲሆን ደግሞ የትርጉም ቤት ማህተም ሳይሆን የተርጓሚው የራሱ ቃለ መሐላ ነው የሚፈለገው። የቀበሌው ወረቀት በሲዳሙ አፎ ከሆነ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ተርጓሚ ሊምልበት አይችልም፤ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ይረሳል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ጸሐፊ ጋር ሄዶ ለሦስት ምስክር አንድ ጽሑፍ ማባዛት ነው። ሦስት ሰዎች ከሃያ ዓመት በፊት የሆነውን ሠርግ በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር፣ በአንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ሲያስታውሱ ዳኛ አያምንም። ቃለ መሐላ የሰጠ ሰው በቃሉ ላይ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል፤ እዚያ ላይ አንዱ ከወደቀ ሦስቱም ይወድቃሉ። አንዱ ምስክር ድንኳኑ የት እንደተተከለ፣ ሌላዋ ማን ወጥ እንደሠራ ካስታወሰች እንደዚያው ይጻፍ፤ የማያስታውሱትን አላስታውስም ይበሉ። «ጥሩ ሰው ነው፣ ክፉ ወጥቶት አያውቅም» የሚለውም ይቅር። በወንጀል ጉዳይ ተከሳሽ መልካም ጠባዩን ማስረጃ ካደረገ ዐቃቤ ሕጉ መጥፎውን ለማቅረብ በር ይከፈትለታል።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ጳጉሜ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2018 ነው፤ ጳጉሜን ወደ ኦገስት የሚጥል ተርጓሚ አለ። «ከምሽቱ 2 ሰዓት» የፈረንጅ 20 ሰዓት መሆኑ ካልተገለጸ ከሌሊቱ ወይም ከቀትር በኋላ 2 ሆኖ ይተረጎማል። እኛ ዘንድ የመቁጠሪያ ልዩነት የሆነው ነገር እዚያ የምስክር ቃል መጋጨት ሆኖ ይመዘገባል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑም አንዴ ይብራራ፤ እናትና ልጅ ለምን «ስማቸው እንደማይመሳሰል» ብዙ ጊዜ ይጠየቃል።

የቴሌግራም መልእክት ስክሪን ሾት አድርጎ ከመላክ በፊት ስልኩን መልእክቱ እንዳለ አቆዩት። በፌዴራሉ የማስረጃ ሕግ ከአንቀጽ 31.1 እስከ 31.8፣ በኦንታሪዮ የማስረጃ ሕግ በአንቀጽ 34.1 የኤሌክትሮኒክ ሰነድ አቅራቢ ሰነዱ የተባለው ራሱ መሆኑን ማስረዳት፣ የተያዘበት ሥርዓትም ያልተነካ መሆኑን ማሳየት አለበት። ተቆርጦ የተላከ ምስል ከላይና ከታች ያለውን ስለማያሳይ ለጥርጣሬ ይመቻል። ንግግሩ ከነቀኑ በሙሉ ይውጣ፣ የመለያ ስሙና ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይማልበት፣ የድምፅ መልእክቱ ከነጽሑፉ ይቅረብ።

ውርስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ኦንታሪዮ ውስጥ የቃል ብድርም በምስክር ይረጋገጣል። ነገር ግን በሟች ርስት ላይ «አበድሬው ነበር» የሚል ሰው በራሱ ቃል ብቻ አያሸንፍም፤ የኦንታሪዮ የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 13 ሌላ ደጋፊ ማስረጃ ይጠይቃል። ሀዋሳ ያለው የባንክ ሰነድና ገንዘቡ ሲሰጥ ያየ ሰው ዋጋ የሚኖራቸው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ወንጀል ክስ ደግሞ ማስጠንቀቂያ። ዘመድ በድብደባ ሲከሰስ የእኛ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ለተበዳይ ሽማግሌ መላክ ነው። ካናዳ ውስጥ ይህ አደገኛ ነው። የዋስትና ትእዛዙ ተከሳሹ ከተበዳይ ጋር በቀጥታም ሆነ በሰው በኩል እንዳይገናኝ ከከለከለ፣ ሽማግሌው ራሱ የትእዛዙ መጣሻ ይሆናል፤ «ክሱን ተይው» ካለ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 139 ፍትሕን ማደናቀፍ ሊባል ይችላል። ተከሳሹ ለሽማግሌው «በድያለሁ» ካለ ሽማግሌው ለዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ሊጠራ ይችላል። የንስሐ አባትም ቢሆን በጭፍኑ አይጠበቅም፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 በግሩንኪ መዝገብ ለፓስተር የተነገረ ቃል እንዲገባ ፈቅዶ፣ ጥበቃው በየጉዳዩ የሚታይ ነው ብሏል። የኦንታሪዮ የይቅርታ ሕግ (እ.ኤ.አ. 2009) ይቅርታ ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም የሚለው ለፍትሐ ብሔር እንጂ ለወንጀል አይደለም። በፍትሐ ብሔር ግን ሽምግልናው ይመከራል፤ ለመታረቅ የተነገረው በመርህ ደረጃ ጥበቃ አለው።

ተከሳሹ ንጹሕነቱን ማስረዳት እንደማይጠበቅበትም ቤተሰብ ይወቅ። ዐቃቤ ሕጉ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፤ ፍትሐ ብሔር ላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የማክዱጋል ውሳኔ ወዲህ ክሱ ምንም ያህል ከባድ ቢሆን መለኪያው አንድ ነው፣ የበለጠ ሚዛን የደፋው ያሸንፋል። ስለዚህ በወንጀል ጉዳይ ከሀዋሳ በችኮላ የሚላክ ወረቀት ዝም ቢባል የማይነሳ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ጠበቃው ሳይጠይቅ ምንም አይላክ።

በመጨረሻ ምስክሩ በቪዲዮ የሚሰማ ከሆነ፣ በወንጀል ጉዳይ ጠሪው ወገን ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ቃሉ ካናዳ ውስጥ እንደተሰጠ ስለሚቆጠር በሐሰት መመስከር እዚያው ያስጠይቃል። በእኛ አቆጣጠር የቶሮንቶ ጠዋት 4 ሰዓት (የፈረንጅ 10 ሰዓት) በእነሱ በጋ ሀዋሳ ላይ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ ምሽት 12 ሰዓት ነው። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት አስባችሁ ባትሪና የሞባይል ዳታ አዘጋጁ። ምስክሩ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይሁን፤ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ በሹክሹክታ የሚያስታውስ ልጅ ከተሰማ ቃሉ ዋጋ ያጣል። መታወቂያውና ቁጥር የተሰጣቸው ሰነዶች ጠረጴዛው ላይ ይሁኑ፤ የተጻፈ ማስታወሻ ግን ዳኛው ሳይፈቅድ አይነበብም።

ከአክብሮት ጋር
የሕግ አማካሪና ጠበቃ፣ ሀዋሳ